ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት ያሳየነው ትያትር

መምህርቷ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ የመጣች ጊዜ የከተማው ሰው ሁሉ በአማርኛ ነበር የሚያናግራት። መልኳ የእኛው ነው። ባጃጅ ነጂው፣ መንገድ ዳር የምትቀመጠው ሽንኩርት ሻጭ፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ፣ ሁሉም ጤና ይስጥልኝ ይሏታል፤ እሷ ፈገግ ብላ ዝም ስትል ደግሞ ኮራችብን ይላሉ። ጥቁር አሜሪካዊት መሆኗ ከታወቀ በኋላም ዘበኛው አላመነም። "አማርኛውን እዚያው ጥላው መጥታ ይሆናል እንጂ ፈረንጅስ አይደለችም" ይል ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከሮብ ገበያ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቼ፣ ከአገሬ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ፣ አባቴ በገበያተኛ በሚልክልኝ ድንችና የገብስ ዱቄት የምማር ልጅ። ክፍል ውስጥ አልናገርም። ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት እንኳ ጉሮሮዬ ይዘጋብኛል። የከተማ ልጆች አንድ ቀን በአነጋገሬ ስቀውብኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አፌን የምከፍተው ለመብላት ብቻ ሆነ።

እሷ የመጣችው እንግሊዝኛ ልታስተምረን ነው። በዓመቱ አጋማሽ ላይ የትያትር ክበብ አቋቋመች። እኔን ትፈልገኛለች ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም። ግን አንድ ቀን ቧንቧ ጋ ተሰልፈን የዘበኛውን አነጋገር አብረውኝ ለተከራዩት ላገሬ ልጆች እያስመሰልኩ ሳሳይ ለካ ከኋላዬ ቆማለች። አማርኛው ባይገባትም እሱን መሆኔን አውቃ ከልቧ ሳቀች። በማግስቱ ክፍላችን መጥታ፣ "አንቺ፣ ከሰዓት ነይ" አለችኝ። ከምታውቃቸው ጥቂት የአማርኛ ቃላት ግማሾቹን አወጣችብኝ።

የምንለማመደው አሮጌ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። በአንድ የግንቦት ከሰዓት በረዶ ወርዶ የጣሪያው ጩኸት አላናግር አለን። ልምምዱን አቁመን ጥግ ይዘን ተቀመጥን። በረዶው ካባራ በኋላም አላስነሳችንም፤ ስለ ልጅነቷ ታወራን ጀመር። የሂሳብ መምህራችን አጠገቧ ተቀምጦ ይተረጉምልን ነበር።

እናቷ ሆስፒታል የምታጸዳ ሴት ናት። ሥራ ስትገባ ልጇን የምትተዋት ሰፈራቸው ውስጥ ባለ ትያትር ቤት ነው። ትያትር ቤት ይባል እንጂ ድሮ ጫማ ይሸጥበት የነበረ ሱቅ ነው። የሰፈሩ ጥቁሮች ናቸው ያቆሙት። ልብሱን የሰፈሩ ሴቶች ይሰፉታል፣ ንጉሥ ሆኖ የሚጫወተው ጸጉር አስተካካዩ ነው።

"በከተማው ትልቅ ትያትር ቤት ለእኛ የሚሰጠን ቦታ ወይ ሎሌ ወይ ሌባ ነበር" አለችን። "አያቶቻችን ይህ ሲመርራቸው የራሳቸውን ከፈቱ። እዚያ ቤት እናትም፣ ዳኛም፣ ሐኪምም እኛው ነን። እኔ ገና ልጅ ሆኜ ዳኛ ሆኜ ተጫወትኩ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ አካሄዴ ሌላ ነበር።"

አንዱ ልጅ፣ "ከናንተ ውስጥ እውነት ዳኛ የሆነ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቃት።

"አንዷ ሆናለች።"

"ሌሎቹስ?"

ዝም አለች። የሂሳብ መምህሩም የሚተረጉመው አጥቶ ዝም አለ።

በዚያ ዓመት መጨረሻ በወላጆች ቀን ለሕዝብ የታየው ትያትር ላይ እናት ሆኜ ተጫወትኩ። እንዴት ልናገር ብዬ ስጠይቃት፣ በሂሳብ መምህሩ በኩል፣ "እናትሽ እንደምትናገረው" አለችኝ። እንደ እናቴ ተናገርኩ፤ በገጠሬ አማርኛ፣ ቃሉን ጎተት አድርጌ። ሰው ሳቀ። የሳቀው ግን እኔ እንዲስቅ በፈለግሁበት ቦታ ነበር። ዝም እንዲል በፈለግሁበት ቦታ ደግሞ ዝም አለ። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት ቻልኩ። አንድ ቃል ናት፤ ግን ኮሌጅ የገባሁትም፣ መምህር የሆንኩትም በዚያች ቃል ነው።

መምህርቷ የሥራ ጊዜዋ አልቆ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔ ተምሬ ጨርሼ እዚያው ከተማ የአማርኛ መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ሲመቸኝም የወጣቶች አዳራሽ ለምኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እሰበስብ ጀመር። ከአምበር፣ ከሮብ ገበያ፣ ከደብረ ኤልያስ ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ይበዙ ነበር። ጉሮሯቸው የተዘጋውን ከሩቅ አውቃቸዋለሁ። ለጥቂት ዓመታት ጥሩ ሠራን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መኪና አንድ ሳምንት ይሄዳል፣ አንድ ወር ይቆማል። ኢንተርኔት ጠፋ። አዳራሹን ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሠፈሩበት፤ መድረካችን ላይ ፍራሽ ተነጠፈ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፣ ግን ሕፃናት የተኙበትን ቦታ ለልምምድ ስጡኝ የሚል ሰው የለም። አከራዬ ደግ ሴት ስለነበሩ በግቢያቸው መለማመድ ፈቀዱልን። "ጩኸቱ ካልበዛ" አሉ። በዚያ ጊዜ ጩኸት ሁሉ ሰው ያስደነግጥ ነበር።

ልጆቹ ግን አለቁብኝ። አንዱ ጫካ ገባ ተባለ። አንዱ በመተማ በኩል ሊወጣ ሄዶ ድምፁ ጠፋ። አንዲቷ አረብ አገር ልሂድ ብላ ፓስፖርት ስትጠብቅ ቅዳሜን ተወችው። ሌሎቹ ወላጆቻቸው ጠሯቸው። እያንዳንዱ ቅዳሜ ግቢው በር ላይ ቆሜ ዛሬስ ማን ይቀር ይሆን እያልኩ እጠብቅ ነበር። ዕቃ አይደሉም፣ ግን እጄ ላይ እየተሰበሩ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

ከቀሩት መካከል ሁለቱን ልንገራችሁ። አንደኛው የቅኔ ተማሪ ነው። ደብረ ኤልያስ አጠገብ ካለ ጉባኤ ቤት ወጥቶ ዘመድ ሊጠይቅ ከተማ እንደገባ መንገድ ተዘጋበት። ንግግራችንን በአጥር በኩል ሲሰማ ከርሞ፣ አንድ ቀን ገብቶ፣ "ይህ ቃል እዚህ ቦታ ላይ ደካማ ነው" ብሎ አረመን። ከዚያ በኋላ ጸሐፊያችን ሆነ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ፤ የኔታ እንዳይሰሙ።

ሁለተኛዋ ከአምበር ገጠር የመጣች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቀጭን፣ ጥፍሯን የምትበላ፣ ስትቀመጥ ቦታ ላለመያዝ የምትጠነቀቅ ልጅ። መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ያቺ ልጅ የለችም። ሽማግሌ ሁኚ ሲሏት ትከሻዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ይሻክራል፣ አጠገቧ የቆመው ልጅ ሳያስበው አንቱ ይላታል። ስንት ልጅ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ቀረችና፣ "ቲቸር፣ አባቴ ሰው ልኮብኛል" አለችኝ።

"ምን ብለው?"

"ትምህርት ከሌለ የቤት ኪራዩ ለምንድን ነው፣ ተዘጋጂ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሎ።"

"ወስደውሽስ?"

ጥፍሯን ወደ አፏ ወስዳ መለሰችው። "ሰው አለ። እናቴ አይታዋለች። ክፉ አይደለም አለች።"

የቅኔ ተማሪው አልሄደም ነበር፤ ደብተሩን እየሰበሰበ ሰምቷል። "አባትሽ ይምጡና ትያትር ይዩ" አላት። "አንቺን ከመውሰዳቸው በፊት አንቺን ይዩ።"

በዚያ ሳምንት ጻፈው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጁን ሊድር የሚመጣ አባት። እኔ የልጅቷን ቦታ ራሷ ትጫወተዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ "እኔ አባትየውን ነው የምሆነው" አለች።

"ለምን?"

"ልጅቷን ማንም ያውቃታል። እሱን ግን የማውቀው እኔ ነኝ።"

የልጅቷን ቦታ ለአንዲት ትንሽ ልጅ ሰጠናት። ለራሷ አባት በገበያተኛ መልእክት ላክን፤ ልጅዎ ትያትር ታሳያለች፣ ይምጡና ይዩ፣ ከዚያ ይዘዋት ይሄዳሉ ብለን። እንደሚመጡ እርግጠኛ አልነበርኩም። መኪና ስላልነበረ ከአምበር በእግራቸው መጡ። ወፍራም ጋቢ የለበሱ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። እጄን ሲጨብጡኝ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። "ልጄን ስለጠበቅሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ። በልቤ አስቀድሜ የሳልኩት ጨካኝ ሰው ነበር፤ አላገኘሁትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው ያሳየነው። ጎረቤት መጣ፣ ከአዳራሹ ተፈናቃዮቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፣ የሰፈሩ ቄስም በግቢው በር በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሶላ ሰቅለን መጋረጃ አደረግነው። አባትየውን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው።

ልጃቸው ከአንሶላው ጀርባ ጋቢ ለብሳ በትር ይዛ ወጣች። ከመናገሯ በፊት ሳለች። ሳሏ የሳቸው ሳል ነበር። ከዚያ ዝቅ ብላ ጉልበቷን በእጇ አሸት አሸት አደረገች። ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ የራሳቸው እጅ ግን ጉልበታቸው ላይ እንደነበረ አይተው አነሡት።

የቅኔ ተማሪው ጎረቤት ሆኖ ይገባል። አባትየውን አይቶ ለተመልካቹ፣ "ቤቱ መሐል ስታበራ የነበረችውን ፋኖስ፣ አባቷ ዳራት" ይላል። በሩ ላይ የቆሙት ቄስ "ይበል" አሉ። ለባል ሰጣት ሲል ዳር ላይ አስቀመጣት ማለቱ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቶሎ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። አባትየው ግን ወደ መሬት አዩ።

ያልጠበቅነው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፉ ላይ አባትየው ብቻውን ሲቀር የሚናገረው አጭር ንግግር ነበረች። ልጅቷ የተጻፈውን ትታ የራሷን ተናገረች። በትሯን ተደግፋ፣ በሻከረ ድምፅ፣ ቀስ ብላ።

"ልጄ ከተማ ብቻዋን ናት። ሌሊት ተኩስ ሲሰማ እናቷ ተነሥታ ትቀመጣለች፤ እኔ የተኛሁ መስዬ እተኛለሁ። ፊደል ትቁጠር ብዬ ነው የላክኋት። አሁን ፊደሉም የለ። አንድ ነገር ብትሆንብኝ ሬሳዋን እንኳ በየት መንገድ አመጣለሁ? ዳርኳት ይበሉኝ። አላወቅሁም፣ አልተማርኩም፣ ሌላ መሸሸጊያ የለኝም።"

የተፈናቀሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አባትየው ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። እኔ ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ተሳካ አልኩ፤ አሁን ይተዋታል አልኩ። ከዚያ በኋላ ልጅየዋ ለምና፣ አባት አዝኖ የሚተውበት መጨረሻ ነበር፤ ተጫወቱት፣ ሰው አጨበጨበ።

ሰው ከተበተነ በኋላ አባትየው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ትያትሩ እውነት ነው" አሉኝ። "የልቤን ነው የተናገረችው። እኔ ለሚስቴ እንኳ ያላልኩትን።"

"እንግዲያው ይተዋታል?"

ገረማቸው። "እንዴት ብዬ? እውነት ስለሆነ እኮ ነው የምወስዳት።" ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ትምህርት ቤቱ መቼ ይከፈታል? እሱን ንገሪኝና ትቻት ልሂድ" አሉ።

አፌን ከፈትኩ። በዚህ ሳምንት ይከፈታል ብዬ ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ግን ዓይናቸውን እያየሁ አልወጣልኝም።

"አላውቅም" አልኳቸው።

"እኔም አላውቅም። ሁለታችንም ሳናውቅ እዚህ ብትቀር፣ የሚደርስባትን ማን ይጠየቅልኛል? አንቺ ትጠየቂልኛለሽ?"

ልጅቷ ጋቢውን እንደለበሰች አጠገባችን ቆማ ነበር። አወለቀችውና በክንዷ ያዘችው። "አባ፣ አንድ ነገር ልበል" አለች። ድምፅዋ የራሷ ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። "እሄዳለሁ። ሰርጉን ግን ለአንድ ዓመት አቆይልኝ። በዓመቱ ትምህርት ካልተከፈተ አልናገርም።"

በአገራችን ልጅ አባቷን በሰው ፊት እንዲህ አትናገርም። አከራዬ እንኳ ደንግጠው ወደ ጓዳ ገቡ። አባትየው አልተቆጡም። ረጅም ጊዜ አዩዋት። "እናያለን" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ወሰዷት። ትንሽ የልብስ ሻንጣዋን እሳቸው በትከሻቸው ተሸክመው፣ እሷ ከኋላ። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ዞር ብላ አላየችም። እንዲያው ብታይ ይሻለኝ ነበር።

ዓመት አልቆየም። ጾሙ እንደተፈታ ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። ዜናውን ያመጣችልን ገበያተኛዋ ናት፤ "ሰርጉ ጥሩ ነበር፤ ሙሽራዋ ግን አፏን አልከፈተችም" አለችን። የቅኔ ተማሪው ሰምቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ አልመጣም። መንገድ ሲከፈት ወደ የኔታ ተመለሰ መሰለኝ።

እኔ መተኛት አቃተኝ። ጥሩ አድርጋ ባትጫወተው ኖሮ እላለሁ። አባትየውን ክፉ አድርገን ብንጽፈው ኖሮ፣ አፍረው ይተዋት ይሆን ነበር እላለሁ። ልጅቷን ሌላ ሰው መሆን አስተማርኳት፤ አባቷን ሆና ተረዳችው፤ ተረድታው ተሸነፈችለት። እንዲህ እያልኩ ግድግዳ አያለሁ። ክበቡን ዘጋሁት። ቅዳሜ ሲመጣ በሬን ቆልፌ እቀመጥ ነበር።

በመጨረሻ ኔትወርክ ለጥቂት ቀን ሲመለስ ከዚያች አሜሪካዊት መምህርቴ የድምፅ መልእክት ገባልኝ። በሕይወት መኖሬን ጠይቃ፣ ከዚያ፣ "አሁንም ትጫወታላችሁ?" ትላለች። ተናደድኩ። ደወልኩላትና የሆነውን ሁሉ በምችለው እንግሊዝኛ ነገርኳት። "ትያትር ማንንም አያድንም" አልኳት። "ለምን ዋሸሽን?"

አልተከራከረችኝም። ከእሷ ጋር በዚያ የጫማ ሱቅ ውስጥ ያደጉትን ልጆች ቆጠረችልኝ። አንዱ እስር ቤት ነው። አንዱ ገና በጉርምስናው መንገድ ላይ ተተኩሶበት ሞተ፤ እሱ ከሁሉም የተሻለ ተጫዋች ነበር። አንዷን ሱስ ወሰዳት። "ያን ቀን ልጁ ሲጠይቀኝ ይህን ነው ያልነገርኳችሁ" አለችኝ። "እኔ የዳንኩት በትያትር ነው። እነሱ አልዳኑም። ሁለቱም እውነት ነው። ከዚህ ሌላ የምነግርሽ የለኝም።"

አላጽናናችኝም። ግን ከእሷ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችን ተከፈተ፤ ሁሉም ባይሆን፣ የከተማው። ጥር ላይ መኪና ሲጀምር አምበር ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ልጅቷን ገብስ ከሚሸጡ ሴቶች መካከል አገኘኋት፤ ሆዷ ገፍቷል። ስታየኝ ተነሥታ ሳመችኝና ወዲያው ወደ ኋላዋ ተመለከተች፤ አማቷ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል።

"ተከፈተ አሉ" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አዎ። መስከረም ላይ።"

ገብሱን በእጇ ዘግና መልሳ ለቀቀችው። "አባቴ የሰማ ቀን እራት ሳይበላ ተኛ። እናቴ ናት የነገረችኝ።" ከዚያ ቀና ብላ፣ "አትውቀሺው፣ ቲቸር። ባሌም ክፉ አይደለም" አለችኝ።

"አንቺስ?"

"አንዳንዴ ውሃ ስቀዳ ብቻዬን ስሆን እናገራለሁ። የሽማግሌውንም፣ የሌላውንም። ሰው ሲመጣ እተወዋለሁ።"

አማቷ ጠሯት። ሄደች። እኔ ወደ መኪናው ስመለስ እንባዬን የሚያይ ሰው እንዳይኖር ነጠላዬን ሳብኩ። ምን ላድርግ ብዬ አይደለም ያለቀስኩት፤ የሚደረግ ስለሌለ ነው።

አሁን ክበቡ እንደገና ተከፍቷል፤ ለምን እንደከፈትኩት በደንብ ልነግራችሁ አልችልም። ጥቂት ልጆች አሉኝ፤ ከተፈናቃዮቹም ልጆች ገብተዋል። አዳራሹ ገና አልተለቀቀም፣ ግቢው ውስጥ ነን። የቅኔ ተማሪው የጻፈውን ያንን ትያትር አንሥተው እየተለማመዱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ መጨረሻው ላይ ተጣሉ። ግማሾቹ አባት ማዘን አለበት ይላሉ፤ አንዲቷ ልጅ ደግሞ፣ "አዘነ አላዘነ ምን ዋጋ አለው፣ ትወሰዳለች" ትላለች። ዳኚን አሉኝ። አልዳኘሁም። ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር፤ አከራዬም ዝም በሉ አላሏቸውም።